እንዳይነገራት

ፍሬን በሽታዋን የሰማችው በሆዷ ተኝታ ነው። ጫማና ካልሲዋን አውልቃ፣ ቀኝ እግሯን ከአልጋው ጠርዝ አሳልፋ፣ ጉንጯን በረኪና በሚሸት አንሶላ ላይ አሳርፋ ፕሮፌሰሩን ስትጠብቅ ከመጋረጃው ወዲያ ኮቴ ተሰማ። ተማሪዎቹ ናቸው። ለምዳቸዋለች፤ ነጭ ጋዋን ደርበው እንደ ጫጩት ፕሮፌሰሩን ተከትለው ከአልጋ አልጋ ይዞራሉ፣ የሚያሳያቸውን አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። ፕሮፌሰሩ ግማሹን በፈረንጅ አፍ፣ ግማሹን ሰው በሚገባው ቋንቋ እያቀላቀለ ይናገራል፤ እሷም የጎረቤት ሬዲዮ እንደምትሰማ ሁሉ ቃሉን ሳትለይ ድምፁን ብቻ ታዳምጣለች። ያን ለት ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ። ሰው ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ጆሮ ይቆማል።

«ስሙኝ፣» አለ፤ «የሚቀጥለዋ ታካሚ ምን እንዳለባት አታውቅም። ቤተሰቦቿ እንዳይነገራት ብለዋል። መጋረጃውን ከከፈትን በኋላ ካንሰር የምትለዋን ቃል ከማናችሁም አፍ እንዳልሰማ።»

ፍሬን አዘነች። ምን ያለችው ምስኪን ትሆን፣ ብላ ከንፈሯን መጠጠች። ጎረቤቷን ለማየት ከአንሶላው ቀና ብላ ወደ ጎን ዞረች። የጎኑ አልጋ ባዶ ነበር።

«መኪና መንዳት የምታስተምረዋ ናት?» አለች አንዲት ተማሪ።

«እሷው ናት። የቀኝ ውስጥ እግር። በጠባቡ ቆርጠን በቅባት ከምንከታተላቸው ወገን ናት። ጠርዙ ላይ ተመልሶባታል።»

«ከተመለሰ ለምን አሁኑኑ በሰፊው አይቆረጥም?»

ፕሮፌሰሩ ሳቅ ሲል ተሰማት። ጥሩ ተማሪ ያገኘ አስተማሪ ሳቅ ነበር። «አንደኛ፣ የሚቀጥለው ልኬት ሳይወሰድ ከቆረጥናት ከጥናቱ ትወጣብናለች፤ ከዚህ ወገን የቀሩን ደግሞ ጥቂት ናቸው። ሁለተኛ፣ ወንድሟ እግሯ እንዲነካ አይፈልግም። እንግባ።»

መጋረጃው ተከፈተ። አንዱ እግሯን ያዘ፣ አንዱ ከውስጥ እግሯ ሥር ማስመሪያ አስጠጋ፣ አንዱ ፎቶ አነሳ። ፊቷን ያየ አልነበረም፤ ፊቷ ከትራሱ በኩል ነው፣ እነሱ ከእግሯ በኩል ናቸው። ፍሬን ብለው ስም ያወጡላት ተማሪዎቿ ናቸው፤ «ፍሬን! ፍሬን ያዝ! አንተ ልጅ ልትፈጀን ነው!» የሚለው ጩኸቷ ከመኪናዋ መስኮት ወጥቶ ሁለት ሰፈር ስለሚያቋርጥ። ስሙ ከመጣበቁ የተነሳ ባሏ የሞተ ጊዜ ለቀስተኛው ሁሉ «የፍሬን ባል አረፈ» ነበር ያለው። ያቺ በአንድ የተሳሳተ ማርሽ መንገደኛ የምታስቆም ሴት አሁን ድምፅዋ ከትራሱ አላልፍ አላት። እንደምንም ብላ፣ «እንዴት ነው ታዲያ ዶክተር?» አለች።

«ጎሽ፣ እየተሻለሽ ነው። ኪንታሮት እኮ ግትር ነው። ቅባቱን እንዳታቋርጪ።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣» አለች ፍሬን።

አፏ ነው ያለው። ልማድ ነው። ግን ቀኑን ሙሉ እንደ ፍም ያቃጠላት ከሰማችው ነገር ሁሉ በላይ ይኸው የገዛ ምርቃቷ ነበር። ቅባቱ በነጻ ስለሚሰጣት በመጣች ቁጥር ስትመርቀው ኖራለች፤ አንድ ጊዜማ ብርቱካን በዘንቢል ይዛለት መጥታ፣ «ለልጆችዎ» ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለታለች። ካልሲዋን ስታጠልቅ ተማሪዎቹ ወጥተው ነበር። አንዲት ወጣት ሐኪም ብቻ፣ ቁስሏን ሁልጊዜ የምትጠርግላት ቀጭን ልጅ፣ መጋረጃውን ይዛ ቆማለች። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ፍሬን ጫማዋን አስራ ወጣች።

ከሆስፒታሉ ግቢ መኪናዋ ውስጥ ገብታ መሪውን ጨብጣ ተቀመጠች። ማልቀስ የፈለገች መስሏት ጠበቀች፤ አልመጣም። የመጣው ቁጣ ነው። ካንሰር የምትለዋ ቃል ትንሽ ቆይታ እንደምታስፈራት ታውቃለች። ገና ተራዋ አልደረሰም። የቀደመው ታላቅ ወንድሟ፣ ጋሼ ነው፤ «እግሯ እንዲነካ አይፈልግም» የተባለው። የማን እግር? ጋሼ የማን እግር ላይ ሆኖ ነው የማይፈልገው?

ሥራ ሥራ ነውና ማደያው ጋ የሚጠብቋትን ተማሪ አልተወችም። ተማሪው ከፖስታ ቤት ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ኮፍያቸውን ደፍተው፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ እንደ ሙሽራ ተዘጋጅተው ነው የሚመጡት። መሪውን ለቀቀችላቸውና እሷ በጎን፣ ተጨማሪው ፍሬን ካለበት ወንበር ተቀመጠች። ሽማግሌው ለፍሪሲዮን የሚያዝኑ ይመስል ቀስ ብለው ሲለቁት መኪናዋ እንደ ሰካራም ተንገጫገጨች። ሌላ ቀን ቢሆን ጩኸቷ ማደያውን ያናውጠው ነበር። ያን ለት ዝም አለች። ሽማግሌው ዝምታዋ ከጩኸቷ ይልቅ አስደነገጣቸውና ደጋግመው ሰርቀው ያዩዋት ጀመር።

አደባባዩ መሐል ሲደርሱ የመኪናዋ ሞተር ጠፋ። ከኋላ ጥሩምባው ቀለጠ። አንድ የታክሲ ሾፌር መስኮቱን አውርዶ፣ «ኧረ ሽማግሌውን ቤት አስቀምጡት! መቃብር ጠፋ እንዴ?» አለ። ፍሬን በሩን ከፍታ ወረደች። ከዚያ በኋላ ለሾፌሩ ያለችውን እዚህ መድገም ነውር ነው፤ ብቻ ከእናቱ ጀምራ እስከ መንጃ ፈቃዱ አንድም የቀረ አልነበረም። መንገደኛው ቆመ። የትራፊክ ፖሊሱ ራሱ ፊሽካውን ከአፉ አውጥቶ አዳመጠ። ሾፌሩ መስኮቱን እስከ ላይ ዘጋ። ተመልሳ ስትገባ ሽማግሌው፣ «ለእኔ ብለሽ ነው ልጄ?» አሏት።

«ለእርስዎ አይደለም አባቴ። ይቅር ይበሉኝ። ያስነሱ።»

ካስነሱ በኋላ፣ ነገር ለማብረድ ነው መሰለኝ፣ ልጆቻቸው እሳቸው የእሷ ተማሪ መሆናቸውን እንደማያውቁ አጫወቷት። በወጣትነታቸው የነዷትን መኪና ልጆቻቸው ሸጠዋታል፤ መንጃ ፈቃዳቸውም ሳይታደስ ቀርቶ እንደ አዲስ መጀመራቸው ነው። «እርጅና መጣ፣ ዓይንህ ደከመ፣ ለአንተው ብለን ነው አሉኝ። ገበያ ሄጄ ስመለስ ጋራዡ ባዶ ነው።»

«ሳይጠይቁዎት?»

«ማን ሽማግሌ ይጠይቃል?» ብለው ሳቁ። ፍሬን አልሳቀችም። ቀኝ እግሯን ተጨማሪው ፍሬን ላይ አድርጋ ሆን ብላ ጫን አለችው። ምንም አላመማትም። መቼም አምሟት አያውቅም። ጥቁር ነጥብ ሆኖ ጀመረ፣ ሰፋ፣ ቆረጡት፣ ቀቡት፤ አንድም ቀን እንቅልፍ አልነሳትም። ቢያማት ኖሮ ትጠይቅ ነበር። ወይም አትጠይቅም ነበር፤ ወንድም ያለው ሰው ምን ይጠይቃል? «ወደ ግራ ፍሬቻ ያሳዩ አባቴ፣» አለች፤ «ዛሬ ትምህርቱ ወንድሜ ሱቅ በር ላይ ያበቃል።»

የጋሼ ሱቅ ቀለም፣ ቧንቧና ሚስማር ይሸጣል፤ ከሱቁ ጀርባ ቤቱ ነው። በሐኪም ቀጠሮዋ ቀን ሁሉ ምሳ እዚያ መብላት ልማድ ሆኗል። ሆቴል እንግዳ ተቀባይ የሆነች ሴት ልጇም ያን ቀን ፈረቃዋን ቀይራ ትመጣለች። ፍሬን ይኼን ሁሉ ፍቅር ነው ብላ ነበር። ሽማግሌውን ታክሲ አስይዛ ሸኝታ ስትገባ ሦስቱም ቀድመው ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀምጠው አገኘቻቸው፤ ጋሼ በራስጌ፣ ሚስቱ በወጥ ቤቱ በር በኩል፣ ልጇ በመስኮቱ በኩል። ቴሌቪዥኑ ድምፁ ጠፍቶ ኳስ ያሳያል። ሶፋው የተገዛ ቀን የለበሰውን ላስቲክ አሁንም አላወለቀም። የወንድሟ ሚስት ሩዝና ሥጋ አቀረበች፤ ትልቁ ሥጋ እንደ ሰሞኑ ሁሉ ለፍሬን ደረሰ። ፍሬን ሥጋውን አየችው። በዚህ ቤት ዕድሜ ልኳን አጥንት ነበር የሚደርሳት። ጋሼ የሬሳ ሣጥን ሚስማር ሳይቀር የሚቆጥር ሰው ነው፤ ታዲያ ከአምና ክረምት ወዲህ ምን ነክቶት ነው የመኪናዋን አራት ጎማ በአዲስ የቀየረላት? ሚስቱስ ምን ነክቷት ነው ስልክ እየደወለች «እንዴት አደርሽ» የምትላት? የነካቸውን አሁን አወቀች። በቁሟ እያስታመሟት ነበር።

«ሲሚንቶ ዛሬም ጨመረ፣» አለ ጋሼ።

«ምን ያልጨመረ አለ?» አለች ሚስቱ።

«ቆርቆሮውስ ብትይ! ደንበኛ ዋጋ ሰምቶ ደረቱን ይዞ ይወጣል።»

ማንም «ሐኪሙ ምን አለሽ?» አላላትም። ለኪንታሮት ሄዶ የመጣን ሰው ማን ቢሆን ይጠይቃል፤ ይቀልድበታልም። እነሱ ግን ማንኪያቸውን ያነሳሉ፣ ሰርቀው ፊቷን ያያሉ፣ ማንኪያቸውን ያስቀምጣሉ። እንግዲህ በየቀጠሮው የሚሰበሰቡት ለዚህ ኖሯል፤ ሰምታ እንደሆነ ከፊቷ ሊያነቡ። ፍሬን ሹካዋን አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ ዶክተሩ ዛሬ ምን ሲል ሰማሁት መሰለህ?»

ሦስቱም ማኘክ አቆሙ። «ምን አለ?» አለ ጋሼ፤ ድምፁ እንደ ልጅ ቀጥኖ ነበር።

«ካንሰር የምትለዋን ቃል ከአፋችሁ እንዳልሰማ አለ። ቤተሰቦቿ እንዳይነገራት ብለዋል አለ።»

ቴሌቪዥኑ ላይ ጎል ገብቶ ነበር መሰለኝ፣ ሰዎች ያለ ድምፅ ይዘላሉ። መጀመሪያ የተንቀሳቀሰችው ልጇ ናት፤ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ትከሻዋ ይርገፈገፍ ጀመር። ጋሼ ግን አላለቀሰም። ከወንበሩ ተነሳና ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ፤ «ማነው የነገረሽ? ስሙን ንገሪኝ! ዛሬውኑ ነው የማስባርረው! አስጠንቅቄ፣ ለምኜ፣ ቃል አስገብቼ—»

«ስማ! የተናደድከው በነገረኝ ሰው ላይ ነው?» አለች ፍሬን፤ እሷም ተነስታ ነበር። «እኔ እግሬ እየበሰበሰ ቅባት ስቀባ፣ ኪንታሮት ነው ስባል፣ ስመርቃቸው፣ ብርቱካን ስወስድላቸው፣ አንተ እዚህ ተቀምጠህ የሲሚንቶ ዋጋ ታወራለህ?»

«ለአንቺ ብዬ ነው።»

«ለእኔ ብለህ ምን?»

«እማዬን አላየሽም አንቺ!» ጋሼ ድምፁ ተሰበረ። «አንቺ ሥራ ላይ ነበርሽ፤ አጠገቧ የነበርኩ እኔ ነኝ። በእግሯ ሄዳ በሽታሽ ይኼ ነው አሏት፤ ቤት ገባች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፣ ከዚያ ወዲያ እህል አልቀመሰችም። ውሃ በማንኪያ ሳጠጣት በጉንጯ ይፈስ ነበር። በሽታው አይደለም የገደላት፤ ስሙ ነው። ያንን ሁለተኛ ማየት አልቻልኩም። አልችልም።»

ፍሬን ይኼን አላወቀችም ነበር። ጋሼ ስለ እናታቸው አሟሟት በዚህ ሁሉ ዓመት አውርቶ አያውቅም፤ እሷም ጠይቃ አታውቅም፤ ቤታቸው እንዲህ ነው፣ ከባዱ ነገር ሶፋው ላይ እንዳለው ላስቲክ ሳይገለጥ ያረጃል። ለአንድ አፍታ አዘነችለት። ግን ቁጣው አልለቀቃትም፤ እንዲያውም አሁን መንገዱን አገኘ።

«እንግዲያው ለእኔ ብለህ አይደለማ፣» አለችው፤ «ለዓይንህ ብለህ ነው። ዓይንህ እንዳያይ የእኔን ዓይን ጋረድክ።»

«እግርሽ ቢቆረጥ በምን ትሠሪያለሽ? እንጀራሽ እግርሽ ነው። በትንሹ ተቆርጦ፣ በቅባት የሚድንበት አዲስ ጥናት አለ ሲሉኝ ደስ አለኝ። እግሯን አትንኩባት አልኩ። ከፋሁ?»

«ጥያቄው የእኔ ነበር ጋሼ። እኔን ቢጠይቁኝ ምናልባት አንተ ያልከውን እል ነበር! እግሬን አትንኩት፣ ቅባቱን ስጡኝ እል ነበር። ግን እኔ ነኝ የምለው። አሁን ተመልሷል። ሰምተሃል? ተመልሶብኛል፤ እነሱም ያውቃሉ፤ ሊለኩት ነው የተዉት፤ አንተም እግሯን አትንኩ ስላልክ ጥሩ ምክንያት ሆነህላቸዋል።»

ጋሼ ይኼን አልሰማም ነበር። ለእሱም ያልተነገረው ነገር ነበር ማለት ነው። ፍሬን ወደ ልጇ ዞረች። ልጅቷ በየማታው ሞቅ ባለ ውሃ የእናቷን እግር የምታጥብ፣ በጣቷ ጫፍ ቅባቱን የምትቀባ ልጅ ናት፤ ጎረቤት ሁሉ «የተባረከች» ይላታል።

«አንቺም?»

«እማ፣ ልነግርሽ ነበር፤ በየቀኑ ልነግርሽ ነበር፤ ጋሼ አስምሎኝ—»

«እጅሽ እያወቀ እግሬን ሲያጥበኝ ከረመ። አፍሽ ምን ሆኖ ነው?»

የጋሼ ሚስት፣ «ውይ በእመቤቴ፣ ምግቡ እየቀዘቀዘ—» ብላ ጀመረችና አፏን ያዘች። ፍሬን ቦርሳዋን አነሳች። ጋሼ ኮቱን ሲፈልግ አየችው፤ «ሆስፒታል ነው? አብሬሽ እሄዳለሁ፤ እኔ አነጋግራቸዋለሁ» እያለ ነው።

«ቁጭ በል!»

በሕይወቷ ታላቅ ወንድሟን እንዲህ ብላ አታውቅም። ተቀመጠ። ከሱቁ በኩል አንድ ደንበኛ ሚስማር እየጠየቀ ይጣራል፤ የሚሰማው አልነበረም።

መኪናዋን ልታስነሳ ስትል ልጇ ሮጣ መጥታ የጎኑን በር ከፍታ ገባች። ፍሬን ውረጂ አላለቻትም፤ ግቢም አላለቻትም። ከተማውን አቋርጠው ሲሄዱ፣ መብራት ላይ ቆመው ልጅቷ መሐረብ ከቦርሳዋ አውጥታ ፊቷን ጠረገች፣ ሌላ አውጥታ ወደ እናቷ ዘረጋች። ፍሬን ፊቷን ዳሰሰች። እርጥብ ነበር። መቼ እንደጀመራት አላወቀችም። መሐረቡን ተቀብላ ወደ ፊት እያየች ፊቷን አበሰች።

የፕሮፌሰሩ ቢሮ በሦስተኛው ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ ስለማይሠራ በደረጃ ወጣች፤ ልጇን ከበሩ ውጭ አቁማ ሳታንኳኳ ገባች። ፕሮፌሰሩና ያቺ ቀጭን ወጣት ሐኪም ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው ፎቶ እያዩ ነበር። ስክሪኑን የሞላው የብዙ ሰው ውስጥ እግር ነው። ፊት የሌለው፣ ስም የሌለው፣ ከሥሩ ማስመሪያ የተጋደመ። የእሷ የትኛው እንደሆነ ማወቅ አልቻለችም፤ የገዛ እግሯን ከሌላው ሰው እግር መለየት አቃታት።

«ዛሬ ቀጠሮሽ አልቋል እኮ፣» አለ ፕሮፌሰሩ በፈገግታ፤ «ምን ረሳሽ?»

«አንተን ረሳሁ።»

ወጣቷ ሐኪም እስክሪብቶዋ ከእጇ ወደቀ። እስከ ዛሬ ጠዋት «እርስዎ» ነበር የምትለው። የፕሮፌሰሩ ፈገግታ ከፊቱ ላይ ቀስ ብሎ ተሰበሰበ።

«ከመጋረጃው ወዲያ ያልከውን ሰምቻለሁ፣» አለች ፍሬን። «አሁን ከመጋረጃው ወዲህ ንገረኝ።»

ፕሮፌሰሩ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይኼ ነው ይበልጥ ያበገናት። ስለ ጥናቱ በትዕግሥት አስረዳት። የቆዳ ሐኪሞች፣ የቀዶ ሕክምና ሐኪሞችና የካንሰር ሐኪሞች አንድ ላይ ሆነው የሚሠሩት ነው። በዚህ በሽታ ሰው እግሩን ያጣል፤ በጠባቡ ቆርጦ በመድኃኒት ማዳን ቢቻል ስንቱ ጣቱን፣ ተረከዙን፣ እንጀራውን ያተርፋል። ሲናገር ዓይኑ በርቶ ነበር፤ የሚናገረውን ያምንበታል።

«ቆንጆ ነው፣» አለች ፍሬን። «ለስንቱ ሰው እግር ብለህ ብትጠይቀኝ እምቢ የምልህ መስሎህ ነው?»

ፕሮፌሰሩ ዓይኑን ወደ ስክሪኑ መለሰ።

«በል እንጂ!»

«ሰው ስሙን ሲሰማ ይደነግጣል፣» አለ በመጨረሻ። «ደንግጦ ይጠፋል። ባህል ሐኪም ጋ ይሄዳል፣ ጸሎት ቤት ይሄዳል፤ ጥናቱ ይፈርሳል። ወንድምሽ ደግሞ እንዳይነገራት አለ፤ የቤተሰብን ፈቃድ—»

«ወንድሜ ሚስማር ሻጭ ነው! አንተ ነህ ሐኪሙ! ጋሼ ቢፈራ ጋሼ ነው፤ እናቱ በእጁ ላይ ሞታበታለች። አንተ ግን ፍርሃቱ ጠቀመህ። ተመልሶባታል እያልክ፣ እያወቅክ፣ ፊቴን ሳታይ 'ጎሽ እየተሻለሽ ነው' አልከኝ። እግዜር ይስጥልኝ አስባልከኝ!» ጠረጴዛውን ተደግፋ ቆመች። «አሁን ያለብኝን ንገረኝ። በሚገባኝ ቋንቋ።»

ፕሮፌሰሩ ጀመረ፤ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ የፈረንጅ ቃል ገባበት፣ ሦስተኛው ላይ መንገዱ ጠፋበት። ወጣቷ ሐኪም ወንበር ስባ አመጣች። ፍሬንን አስቀመጠችና ከፊቷ በርከክ አለች።

«የቆዳ ካንሰር ነው፣» አለች። «ከውስጥ እግርዎ ነው የተነሳው። ባለፈው በጠባቡ ቆረጥነው፤ ጠርዙ ላይ ተመልሷል። ብሽሽትዎ ላይ እስከ ዛሬ ንፍፊት አላገኘንም፤ ጥሩ ምልክት ነው። ግን መቆየት የለበትም። በሰፊው ቢቆረጥ የእግርዎ የፊት ክፍል፣ ከጣቶችዎ ጋር፣ ይሄዳል። ተረከዝዎ ይቀራል።»

«እድናለሁ?»

«አላውቅም። ቶሎ ቢቆረጥ የመዳን ዕድልዎ ይሰፋል። ከዚህ በላይ ብል መዋሸት ነው።»

ከአምና ጀምሮ እዚህ ስትመላለስ «አላውቅም» ስትባል የመጀመሪያዋ ነው። ወጣቷን ሐኪም ትክ ብላ አየቻት። «ታውቂ ነበር። ቁስሌን እየጠረግሽ ታውቂ ነበር።»

«አዎ።»

«ለምን ዝም አልሽ?»

«ፈራሁ። እሳቸው አለቃዬ ናቸው።»

ይቅርታ ልትላት እንደሆነ ከከንፈሯ ታየ። ፍሬን በእጇ አስቆመቻት። ይቅርታ ለመስማት የሚሆን ቦታ ያን ለት ሆዷ ውስጥ አልነበራትም። «መቼ ነው የሚቆረጠው?»

«ልኬቱ እስኪወሰድ ትንሽ ብንታገሥ፣» አለ ፕሮፌሰሩ፤ አሁንም! «ደግሞ ይኼ በአንድ ቀን የሚወሰን አይደለም፤ ወደ ቤት ሂጂና ቤተሰብሽን አማክሪ።»

ፍሬን ሳቀች። ሳቁ ለራሷም ደስ የማይል ነበር። «ይኼ እግር ከእኔ የቀረበ ዘመድ የለውም። አማክሬዋለሁ። ከጥናትህ ወጥቻለሁ፤ ቁረጡልኝ። የሚቆርጠውም አንተ አይደለህም፤ የቀዶ ሕክምናውን ሐኪም ዛሬውኑ ፊት ለፊት አገናኙኝ።»

ወጣቷ ሐኪም ፕሮፌሰሩን ሳታይ ተነስታ ስልኩን አነሳች።

ከቀዶ ሕክምናው ሐኪም ጋር ተነጋግራ ቀጠሮዋን ይዛ ስትወርድ የቆዳ ክፍሉ መጠበቂያ አሁንም እንደ ጠዋቱ ሰው ሞልቶት ነበር። ረጃጅም የእንጨት ወንበሮች፣ ግድግዳው ላይ «ጸጥታ ይከበር»። ፍሬን ዘወትር እዚህ ስትቀመጥ አጠገቧ ያለውን ሰው ልብ ብላ አይታ አታውቅም። አሁን አየች። ጉንጫቸው በፋሻ የታሸገ አሮጊት ከምራታቸው ጋር፣ ጆሯቸው ላይ ጥጥ የተለጠፈላቸው አዛውንት ከወንድ ልጃቸው ጋር፣ እጇን በሻርፕ የጠቀለለች ወይዘሮ ከባሏ ጋር። ከእያንዳንዱ በሽተኛ አጠገብ በሽተኛውን የማያይ፣ በሩን የሚያይ አንድ ዘመድ አለ። ልጇ ክንዷን ሳብ አደረገቻት፤ «እማ፣ እንሂድ።»

«ስሙኝ!» አለች ፍሬን። አደባባይ የሚያቆመው ድምፅዋ ተመልሶላት ነበር። «የያዛችሁን ሐኪሙን ራሳችሁ ጠይቁት! ያመጣችሁን ሰው አይደለም፤ ሐኪሙን! እኔ ዓመት ሙሉ ዋሽተውኛል! ስሙን ጠይቁ! ምን እያደረጉባችሁ እንደሆነ ጠይቁ!»

አንዲት ነርስ ከክፍል ብቅ ብላ «ሴትዮ፣ ኧረ ቀስ በይ» አለች። ባልየው የሚስቱን ትከሻ አቅፎ ወደ ደረቱ ጎተተ። ጆሯቸው የታሸገው አዛውንት ወደ ልጃቸው ዘንበል ብለው፣ «ምን አለች ሴትዮዋ?» አሉት።

«ምንም አላለችም አባባ። ለሌላ ሰው ነው።»

አዛውንቱ ልጃቸውን አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት። ልጁ ዓይኑን ወደ ጫማው አወረደ፤ አንገቱ ድረስ ቀልቶ ነበር። «አንሳኝ፣» አሉት። «አንሳኝና በሩ ጋ አድርሰህ ተመለስ። ብቻዬን ነው የምገባው።»

ፍሬን ከዚያ በላይ አልቆየችም። ግቢው ውስጥ ፀሐይ አለ፤ መኪናዋ እንደ ምድጃ ግላለች። ፍርሃቱ ያኔ መጣ፤ ተራውን ጠብቆ፣ ልክ እንዳሰበችው። መሪው ላይ ግንባሯን ደፍታ ትንፋሽ እስኪያጥራት አለቀሰች። ልጇ ጀርባዋን እየዳበሰች አብራት አለቀሰች። አልገፋቻትም።

ቀዶ ሕክምናው በሚቀጥለው ሳምንት በማለዳ ሆነ። ጋሼ ሱቁን ዘግቶ መጥቶ ከቀዶ ሕክምናው ክፍል ፊት ለፊት ተቀመጠ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ይነሳል፣ «እህቴ እንዴት ሆነች?» ይላል፤ የሚወጣው ሁሉ ደግሞ ያንኑ ይመልስለታል፤ «ታካሚዋ 'ስለ እኔ ለማንም እንዳትናገሩ፣ የሚነገረውን ራሴ እነግረዋለሁ' ብላለች።» ፀሐዩ ከመስኮቱ ወደ ወለሉ፣ ከወለሉ ወደ ግድግዳው ሲሄድ ጋሼ ኮፍያውን በእጁ ሲያሽከረክር ዋለ፤ የሚያዝዘው፣ የሚያስባርረው፣ ቃል የሚያስገባው ሰው አጣ።

ፍሬን ስትነቃ አፏ እንደ ቆዳ ደርቆ ነበር። በመጀመሪያ ውሃ ጠየቀች። ከዚያ አንሶላውን ራሷ ገለጠችና የቀረላትን አየች፤ ፋሻው ወፍራም ነበር፣ እግሯ አጭር ነበር። ደጋግማ አየችው። የቀዶ ሕክምናው ሐኪም መጥቶ የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገራት፤ የጠየቀችውን መለሰላት፣ የማያውቀውን አላውቅም አላት። ከሄደ በኋላ ነርሷ አንገቷን በበሩ ብቅ አደረገች።

«ወንድምዎ ከጠዋት ጀምሮ እዚያ ናቸው። አሳዘኑኝ። ላስገባቸው?»

ፍሬን ውሃውን ተጎነጨች። ትራሷን አስተካከለች።

«ይቆይ፣» አለች።